ለጸሎት የተሰጡ ስሞች

ቢቸና፣ ሰኔ 6 ቀን 1960 ዓ.ም.

ከትናንት ወዲያ ገበያ መሐል የእጅ ቦምብ ፈነዳ። አምስት ሰው ሞተ። አንዷ ወይዘሮ ፈንታነሽ ናቸው፣ የቤት አከራዬ የወይዘሮ ባንቺዓለም እህት። በርበሬ ሲሸጡ ነው የሞቱት። ሬሳ ሊያነሣ የገባው ሁሉ ዓይኑ ሲያነባ ዋለ፤ በኀዘኑ ይሁን በተበተነው በርበሬ አልለየሁም። እንዲህ ብሎ መጻፍ ነውር ነው፤ ያየሁት ግን እሱን ነው።

እኔ መዝገብ ቤት ሥራ ላይ ነበርሁ። ፍንዳታውን ስሰማ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ባልደረቦቼም እየራሳቸው ጠረጴዛ ሥር ስለነበሩ ማንም ማንን አላማም።

የጣለው ሰው አልተያዘም። በእርሻ ግብሩ ተቆጥተው የሸፈቱት ናቸው ይላሉ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ከቀብር ተመልሰው በሩን በግንድ ደግፈው፣ «የጎጃም ወንድ በሙሉ ይታሰርልኝ! ሁሉም!» አሉ። እኔም ወንድ ነኝ፣ ጎጃሜም ነኝ፤ ግን በልቤ አሜን አልሁ።

ሰኔ 8

ቀኑን ሙሉ ትእዛዝ በታይፕ ስመታ ዋልሁ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መውጣት ክልክል ነው። ከቢቸና ሞጣ ያለ ይለፍ ወረቀት መሄድ ክልክል ነው። ማኅበርም ሆነ ሰንበቴ፣ ከአምስት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። ቤት በማንኛውም ሰዓት ይፈተሻል። ደብዳቤ ተከፍቶ ይታያል። በአራት ካርቦን፣ አንድ ፊደል ሳልስት።

ደግ አደረጉ። ሰው ገበያ ወጥቶ ሬሳው ከሚመለስ ደብዳቤ ቢከፈት ይሻላል።

ለምርመራ ከአዲስ አበባ የመጣው ሻምበል ወረቀቱን አገላብጦ አየና «አቶ ይርሳው፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው አገኘሁ» አለኝ። ደስ አለኝ።

ይህን ደብተር ከሽሮ ማሰሮው በስተኋላ ደበቅሁት። የፍተሻውን ትእዛዝ የመታሁት ራሴ ነኝ፤ ቢሆንም ደበቅሁት።

ሰኔ 13

ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ነስረዲን ዛሬ ጉድ አደረገ። ሻምበሉ የጤና ጣቢያውን የበሽተኞች መዝገብ አምጣ ቢለው፣ እኛ ሁላችን ባለንበት፣ «ስንት ቁስለኛ እንዳከምሁ ቁጥሩን ልስጥዎት። ስሙ ግን የበሽተኛው ነው» አለው።

«ያን ቀን ከገበያው ሬሳ የሰበሰብኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። እጄ እስካሁን ይሸተኛል። ግን ነገ አንድ ቁስለኛ እኔን ፈርቶ ዱር ውስጥ ቢሞት እሱም ሬሳ ነው።»

ምሳ ላይ «የሐረር ልጅ ሆነህ የጎጃም ነገር ምን አስጨነቀህ?» አልሁት። ሳቀ። «አንተ የቄስ ቤት ልጅ ሆነህ ስለ ምስጢር እስላሙን ትጠይቀዋለህ?» አለኝ። አኩርፌው ዋልሁ።

ሰኔ 17

ዛሬ ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ትናንት ከትውልድ አገሬ ከሞጣ ሲመጡ መምሬ ፋንታን ኬላ ላይ ያዟቸው። መምሬ ፋንታ የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው። ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው፤ ዲያቆን ሳለሁም ክርስትና ሲያነሡ ከጎናቸው ቆሜ አገለግል ነበር። ከጥምጥማቸው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። ሃያ ሦስት ስም፤ ሌላ ምንም የለበትም። ሁሉም የክርስትና ስም ነው፦ ወለተ ሐና፣ ሣህለ ማርያም፣ ወለተ ኢየሱስ፣ ገብረ ኪዳን…

ገና ሳየው ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። መምሬ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ገዳም ይወርዳሉ። ጭንቅ ያለበት ሁሉ የክርስትና ስሙን ይሰጣቸዋል፤ እዚያ በጸሎት ያስጠሩለታል። የታመመ፣ ምጧን የፈራች፣ ልጁ ኦጋዴን የዘመተበት። ይህ ስም ለመንግሥት የሚሆን ስም አይደለም። ክፉ ሰው እንዳይሠራበት ተብሎ ከወላጅና ከንስሐ አባት በቀር ለማንም አይነገርም። እኔ የብዙውን ሰው የማውቀው ክርስትና ሲነሣ ቆሜ ስለሰማሁ ብቻ ነው።

ሻምበሉ በሩን ዘጋና «እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ የክርስትና ስም መሆኑ አልጠፋኝም» አለኝ። «ነገር ግን ጫካ ያሉት ሲማማሉ በዚህ ስማቸው ነው። ቄሱ የማን የማን እንደሆነ አልናገርም ብሏል። አንተ የዚያ ደብር ልጅ ነህ አሉኝ።»

አላውቅም አልሁት። አልተቆጣም። ወንበር ሳበልኝ።

«ስማኝ ወንድሜ። እኔ የምፈልገው ሁለተኛ ቦምብ እንዳይፈነዳ ብቻ ነው። ካልነገርኸኝ ሃያ ሦስቱንም ሽፍታ ናቸው ብዬ ደብሩን ቤት ለቤት አስፈትሻለሁ። ከነገርኸኝ አሮጊቱን ካሮጊት፣ በሽተኛውን ከበሽተኛ ለይቼ እተዋለሁ። የቱ ይሻላል?»

እውነት መሰለኝ። አሁንም ግማሹ እውነት ይመስለኛል። መጀመሪያ አሮጊቶቹን ጻፍሁ። ወለተ ሐና፣ ዓይናቸው የጠፋው መነኩሲት። ወለተ ኢየሱስ፣ አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት የሆናቸው ጎረቤታችን። አንዱን ስጽፍ ሌላው ቀለለኝ። ሻምበሉ አጠገቤ ቆሞ «ይገርማል! ይገርማል!» ሲል፣ ምን አባቴ ልደብቅ፣ ቅኔ ሞልቶልኝ መምህሩ ያመሰገኑኝ ያህል ደስ አለኝ። አሥራ ዘጠኙን ጻፍሁ። አራቱን አላወቅኋቸውም።

ገብረ ኪዳን ላይ ስደርስ ቆም አልሁ። በደብራችን ገብረ ኪዳን የምንባል ሦስት ነበርን፤ አምና የሞቱት ደወል መቺ፣ አብሮኝ የደቆነው ገላውና እኔ። ይህ የየዓመቱ ጸሎት ጭንቅ ላለበት ሰው ነው፤ ሙት አይጻፍበትም። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ስሜን ማን ይሰጣል? ገላው ብዬ ጻፍሁ።

ሰኔ 18

ገላውን የጻፍሁት መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ ስለሆነ ነው። አምና በጥር ለበዛብሽ ሽማግሌ ብልክ «ለገላው ቃል ሰጥተናል» መባሌ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ያለፈ ነገር ነው። ገላው ወንድሜ ማለት ነው።

ሰኔ 20

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሆንሁ። ቁልፉን ሰጡኝ። ተከፍተው የታዩት ደብዳቤዎችም ከእንግዲህ የሚያልፉት በእኔ እጅ ነው።

ነስረዲን «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ። እጁን ግን አልዘረጋም። መድኃኒት ነክቶ ይሆናል።

ሰኔ 26

ከሞጣ አሥራ አንድ ሰው በካሚዮን ጭነው አመጡ። አሮጊቶቹን ትተዋል፤ ሻምበሉ ቃሉን ጠብቋል። የአሮጊቶቹን ልጆች ነው ያመጧቸው።

ገላው አለበት። ከቤቱ ቢያጡት «ሸፍቷል» ብለው ፈልገው፣ ያገኙት ጠበል ቦታ ጎጆ ውስጥ ተኝቶ ነው። ከካሚዮኑ ሲወርድ አላወቅሁትም ነበር። አንገቱ ቀጥኗል። ያስለዋል። አየኝና ራሱን ነቀነቀልኝ፤ እኔ የያዝሁትን ፋይል ገለጥሁ።

እናቱ እትዬ ፅጌረዳ ካሚዮኑን ተከትለው በእግራቸው መጥተዋል። አመሻሹ ላይ ቤቴ ድረስ መጡ። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

«ልጄ ይርሳው፣ አንተን ያቆየልኝ» አሉኝ። «የገላው ስም ተጽፎ ተገኘ ይሉኛል። እኔ ለማንም ስም አልሰጠሁም። ሳንባውን ነው ያመመው፤ ሠርጉ እንዳይፈርስ ብዬ ለመምሬ እንኳ ሳልነግር ጠበል የወሰድሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ስሙን ማን ሰጠ? አንተ ውስጥ ነህ፤ ጠይቅልኝ እስቲ፣ በናትህ።»

እጠይቃለሁ አልኋቸው።

ሰኔ 28

አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 2

ከተከፈቱት ደብዳቤዎች መሐል አንዱ የእኔ ነበር። እናቴ ይርጋነሽ በሰው አስጽፋ የላከችው ነው። የተጻፈው ሰኔ 11 ቀን ነው፤ ኬላው ላይ ለመታየት ሲጠብቅ ከርሟል። ጀርባው ላይ «ታይቷል» የሚል ማኅተም አለ። ማኅተሙን ያሠራሁት እኔ ነኝ።

«ቦምቡን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መምሬ ፋንታ ገዳም ሊወርዱ ስለሆነ ስምህን ሰጥቻለሁና አይዞህ» ይላል።

ከፍቶ ያየው ማን ይሆን? ልብ ብሎት ይሆን? ባልደረቦቼን አንድ በአንድ ፊታቸውን ሳይ ዋልሁ። ሰው ደብዳቤውን ሲያዩበት እንዲህ ነው ለካ የሚሆነው።

ማታ ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ብርዱ ጠንቶ ነበር።

ሐምሌ 3

ያ ደብዳቤ ገላውን ያስፈታው ነበር። ይህን ትናንት አላሰብሁትም።

አስቤዋለሁ።

ሐምሌ 9

ሻምበሉ ሻይ ጋበዘኝ። «ያ ቄስ ብረት ነው» አለኝ። «ገብረ ኪዳን ማለት ገላው ነው በልና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ ብንለው፣ ገላው አይደለም ይላል። ታዲያ ማነው ስንለው ዝም።»

«ሌላ ምንም አላሉም?» አልሁት።

«ምንም። ስንት ነገር ሞከርን።»

ከሻይ በኋላ በግቢው ሳልፍ መምሬ ፋንታ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች አብጠው ጠቁረዋል። ጥምጥማቸውን ወስደውባቸዋል። መስቀል ለመሳለም ጎንበስ ማለት ልማድ ነውና ጎንበስ አልሁ፤ መስቀልም የላቸውም። ባዶ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሬን ነኩኝ። አንድ ቃል ቢተነፍሱ እሳቸው ቤታቸው ይገባሉ፣ እኔ እሳቸው የተቀመጡበት እቀመጣለሁ። ይህን ያውቃሉ። እኔም ማወቃቸውን አውቃለሁ።

ሐምሌ 11

እስከ ሻምበሉ በር ሄድሁ። ሰው ነበረበት። ተመለስሁ።

ሐምሌ 12

ዛሬ ሰው አልነበረበትም። ተመለስሁ።

ሐምሌ 15

ነስረዲን ማመልከቻ ይዞ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ በእስር ቤቱ መስኮት ሳል ይሰማል፣ ደም የሚተፋ እስረኛ አለ፣ ልየው ይፈቀድልኝ የሚል ነው። «ዛሬውኑ አስፈርምልኝ። ከእርጥብ መሬት ላይ ካልተነሣ የዚህ ሰው ነገር የቀናት ነው» አለኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ከክምሩ ሥር አደረግሁት። ገላው ወደ ጤና ጣቢያ ከወጣ ይጠየቃል፣ ከተጠየቀ ይናገራል ብዬ ነው። ገላው እኮ የእኔን የክርስትና ስም ያውቃል። አብረን ስንደቁን፣ አንዱ ሲጠራ ሁለታችን ቀና እያልን መምሬን እናስቅ ነበር።

ሐምሌ 18

ነስረዲን ወደ ጋሞ ጎፋ ተዛወረ፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንዲሄድ። የዝውውሩን ደብዳቤ የመታሁት እኔ ነኝ። ሊሰናበተኝ አልመጣም። ማመልከቻው ዛሬም ከክምሩ ሥር ነው፤ አሁን የሚያክመውም የለም።

ከሰዓት በኋላ የሻምበሉን በር ሳላንኳኳ ገባሁ። «ስለ ገብረ ኪዳን ተሳስቼ ይሆናል» አልሁት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ማነው?»

እዚህ ላይ ነው ሰው መሆን የነበረብኝ። «አምና የሞቱ አንድ ደወል መቺ ነበሩ፤ የእሳቸው ይሆናል። ለሙት ነፍስም ስም ይሰጣል» አልሁት።

ብዕሩን መልሶ አነሣ። «እናጣራለን» አለኝ። ልወጣ ስል፣ «አትጨነቅ። ከነገርኸን አሥራ ዘጠኙ ሁለቱ በእርግጥም ጫካ ናቸው። ያለ አንተ አናገኛቸውም ነበር» አለኝ። ሁለቱን ነው የቆጠረልኝ። ስለ አሥራ ሰባቱ እሱም አላነሣ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔስ አፋፉንም አልፎ ወርዷል።

ሐምሌ 25

ቦምቡን የጣለው ሉማሜ መንገድ ላይ ተያዘ። ከሥራ የተባረረ አንድ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ጸብ የነበረው ከአንድ ነጋዴ ጋር ነው አሉ። ከሃያ ሦስቱ ስሞች ውስጥ የለም። የሞጣ ሰው እንኳ አይደለም።

ለወይዘሮ ባንቺዓለም ነገርኋቸው። «እነዚያን ታዲያ ለምን አሰሯቸው?» አሉኝ። ከእኔም ፈቀቅ ብለው፣ «አንተ የሰው የክርስትና ስም ታውቃለህ ይላሉ። የእኔንም ታውቃለህ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኋቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ሐምሌ 27

አሥራ አንዱም መምሬም ተፈቱ። ይቅርታ የጠየቀ የለም፤ «ነፃ መሆናቸው ተረጋግጧል» የሚል አንድ መስመር እኔው መታሁ።

ገላውን በቃሬዛ ነው ያወጡት። ዝናብ ነበር። የእኔን ካፖርት አለበስሁት። እትዬ ፅጌረዳ ይለፍ ወረቀቱን ስሰጣቸው እጄን ይዘው «አንተ ነህ ያስፈታኸው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ሊስሙኝ ሲሉ ሸሸሁ። ቃሬዛውን ሲያነሡ ገላው በዓይኑ ጠራኝ። ጎንበስ አልሁ።

«እኔ አልነገርኋቸውም» አለኝ።

ምኑን አላለኝም። እኔም ምኑን አላልሁትም። ለእናቱስ ነግሯቸው ይሆን ብዬ ነው ያሰብሁት። የዚያን ጊዜ እንኳ ያሰብሁት ይህንን ነው።

ነሐሴ 4

ገላው ሞጣ በገባ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ትናንት በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ሰማሁ።

ስለ በዛብሽ ሰኔ 18 ቀን የጻፍሁትን ዛሬ አነበብሁት። ሰረዝሁት። ከሰረዝሁትም በኋላ ይነበባል።

ሞጣ፣ ነሐሴ 9

ፈቃድ ወስጄ መጣሁ። ሁለት ቀን ተኩል በጭቃ።

ስሞቹን የተረጎምሁት እኔ መሆኔን ሞጣ ሁሉ ሰምቷል። በመንገድ ሰላም ይሉኛል፤ ሰላምታ አልከለከሉኝም። እናቴ «ስትጨነቅ ተሳስተህ ነው፤ የተገኘው የደወል መቺው ስም ነበር ይላሉ» አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ያ ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?» አለችኝ። አልደረሰኝም አልኋት። ለእናቴም ዋሸሁ። በዛብሽን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ አየኋት፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ፍልሰታ ስለሆነ ሕዝቡ ደብሩን ሞልቶታል። መምሬ ፋንታ ከዕቃ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው ለጸሎት ስም ይጽፋሉ። በሁለቱ ጣቶቻቸው መጻፍ ስለማይችሉ ብዕሩን በቀሩት ይዘውታል፤ ፊደላቸው እንደ ጀማሪ ተማሪ ሆኗል። ተራ ይዤ ቆምሁ።

ከፊቴ አንዲት ባልቴት ነበሩ። መምሬ «ስም?» አሏቸው። ባልቴቷ ዞር ብለው አዩኝ። «እግዜር ያውቀዋል፣ አባቴ» አሉ። መምሬ ወረቀቱ ላይ አንድ ሰረዝ አሰመሩ። ያን ጊዜ አንገቴን አስግጌ ወረቀቱን አየሁት። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ተራቸው የደረሰው በሙሉ ሰረዝ ነበሩ፤ ስድስት ወይም ሰባት ሰረዝ።

የእኔ ተራ ደረሰ። «ስም?» አሉኝ መምሬ። ድምፃቸው ለሌላው ሰው እንደነበረው ነው።

በሹክሹክታ ልነግራቸው እችል ነበር። «ገብረ ኪዳን» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ።

እትዬ ፅጌረዳ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው ነበር። ተነሡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። አጠገቤ መጥተው ቆሙና ፊቴን አዩኝ።

«ያኔ የተገኘው ስም ያንተ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ከሐምሌ 2 ቀን ጀምሮ። ከዚያም በፊት ጠርጥሬ ነበር።»

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ እወድ ነበር። እሳቸው ግን ከእኔ ዞረው ለመምሬ ነው የተናገሩት።

«ይጻፉለት፣ አባቴ። እናቱ በሕይወት አለች» አሉ።

መምሬ ፋንታ ጻፉት። ከኋላዬ የተሰለፉት ግን ስማቸውን የተናገሩት እኔ ከግቢው ከወጣሁ በኋላ ነው።